ዘፈኑን የሰማችው ተሳፋሪ

ሐረገወይን አርባዋ ከወጣ በኋላ፣ ፊልሙ ውስጥ አውቶቡስ መሳፈሯን ትታ ዘፈን ማዳመጥ ጀመረች። ነገሩ የሆነው በሥራ ሰዓት፣ ከምሳ በፊት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሦስታችንም አይተናል።

እኔ ምንተስኖት እባላለሁ፤ የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ እጽፋለሁ። ማጀቢያ ማለት ተዋናይዋ ስታለቅስ ከበስተኋላ የሚሰማው ቃል የሌለው ነገር ነው። ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ያንን አያንጎራጉርም። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎችማ ጭራሽ አይሰሙትም፤ ቢሰሙት ኖሮ ቫዮሊኑ ከየት መጣ እያሉ ዞር ዞር ሲሉ ይውሉ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለማይሰሙኝ ሰዎች ስጽፍ ኖሬአለሁ። ደክሞኛል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም።

በዚያ ፊልም ላይ የእኔ ሙዚቃ ብቻውን አልነበረም። ዳይሬክተሯ ሶስና «የዘንድሮ ተመልካች ዘፈን ይፈልጋል ጋሼ» ብላ ጭራ ባንድን አመጣችብኝ። ጭራ ባንድ ማሲንቆን በጊታር ማጉያ አስገብቶ፣ የአገር ቤቱን ዜማ በድራምና በቤዝ ጊታር የሚጫወት ቡድን ነው። ፎክ ሮክ ይሉታል። ማሲንቆው ላይ ከተጠመጠመው ሽቦ ብዛት የተነሳ መጀመሪያ ሳየው ሊፈነዳ የተዘጋጀ ነገር መስሎኝ ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ድምፁ ግን መጥፎ አይደለም። ይህን ለሶስና አልነገርኳትም።

የተስማማነው ግማሹ ትዕይንት የእነሱ፣ ግማሹ የእኔ እንዲሆን ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ ሙዚቃ ላይ ሰው አፉን እንዲከፍት አልፈልግም።

የባንዱ ዘፋኝ ይርጋ ይባላል። አባቱም አያቱም አዝማሪዎች ነበሩ። ሐረገወይን ሚስቱ ናት። ፊልሙ ላይ ባሏን ትታ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደውን ሴት ሆና ተጫወተች፤ ቀረጻው እንዳለቀ ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ይርጋ ዘፈኑን የቀዳው ከሐዘን ቤት እየተመላለሰ ነው። ማንም አላስገደደውም። «እቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው?» ነበር ያለው።

ሲቀዳ አንድ ነገር አደረገ። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ዝም ብሎ ማሲንቆውን ብቻ ይገዘግዛል።

«እዚህ ጋ ክፍተት አለ፤ ዝጋው» አለችው ሶስና።

«ክፍተት አይደለም» አላት።

አዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል። ዘፋኙ የተሰጠውን እንዳለ ይዘፍነዋል፤ ምርቃትም ቢሆን፣ ራሱን የሚሰድብም ቢሆን። ማሲንቆው ብቻውን የሚጫወተው ያንን ግጥም እየጠበቀ ነው።

«እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ማን ግጥም ሊሰጥህ ነው?» አለችው።

«ማንም። እጄ ለምዶ ነው።»

ክፍተቱ እንዳለ ቀረ።

ትዕይንቱ አጭር ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ጠዋት፣ ካፊያ። ሐረገወይን ነጠላ ተከናንባ ግቢውን ታቋርጣለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ትገባለች፣ አውቶቡሱ ይሄዳል። የጭራ ባንድን ዘፈን አስገባንበት። ሐረገወይን ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። የአውቶቡሱ ረዳት ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረ።

«እህቴ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?»

ስንኙ አልቆ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ቀና አለች።

«ተቀበል» አለች።

«ሰማዩ ጠቆረ፣ ክረምቱም ገባብኝ፣
ወፍራሙ ጋቢዬ ሳጥን ውስጥ ቀረብኝ።»

የተቀዳው የይርጋ ድምፅ ተቀብሎ ዘፈነው፤ በዜማው፣ በልኩ፣ አንድም ቃል ሳይስት። እንዲህ ያለ ግጥም ቀድቶ አያውቅም።

ሶስና አቆመችው። ስቱዲዮአችን ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው፤ ጸጥ ስንል ከታች የመሰርሰሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች።

«ፋይል ሲበላሽ ይንኮሻኮሻል እንጂ ግጥም አያወጣም» አልኳት።

ይርጋ ስክሪኑን እያየ ነበር። «እውነቷን ነው» አለ። «ጋቢዋ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን የት እንዳደረገችው አላውቅም።»

ዘፈኑን አንስተን የእኔን ሙዚቃ አስገባን። ሐረገወይን ሳትቆም አቋርጣ ገባች፤ አውቶቡሱም ሄደ። ዘፈኑን መለስን፤ ቆመች። የቀጠለው ትዕይንት የእናቷ ቤት ነው። እሷ ስትቆም እዚያም ነገር ይበላሻል፤ እናትየዋ ምሳ አቅርባ በሩን እያየች ትቀመጣለች፣ ቆይታ ወጡን ትከድነዋለች፣ ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር የለም።

እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ዘፈኑ ካለ ሐረገወይን ትቀራለች፤ ፊልሙ ግን አይኖርም። የእኔ ሙዚቃ ከገባ ፊልሙ ይኖራል፤ እሷ ትሄዳለች። ይርጋ ሚስቱን የሚያገኛት ማሲንቆው ብቻውን በሚጫወትበት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ሌላ የትም የለችም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ» አላት ሶስናን።

ሐዘንተኛን እንቢ ማለት ከባድ ነው። ደገመችለት።

ሐረገወይን መሃል ላይ ቆመች፤ ረዳቱ ጠራት፤ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ቀና አለች።

«ተቀበል።
ቁልፉን ከማሰሮው ሥር አስቀምጫለሁ፣
ሳትበላ አትተኛ፣ እኔ በልቻለሁ።»

ይርጋ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ከምሳ በኋላ ነጭ ጋቢ በትከሻው ጣል አድርጎ መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ከማሰሮው ሥር ነበር» አለ። «ቀጥሉ።»

ቀጠልን። ክረምቱ እስኪጋመስ ሌላ ሥራ አልሠራንም። እኔ ጠዋት መጥቼ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሶስና ታስጀምራለች፤ ይርጋ ጋቢውን እንደለበሰ ያያል። ሐረገወይን የምትሰጠው ግጥም የቤት ነገር ነው፦ የተበደሩትን ወንፊት ለጎረቤት መልስ፣ ደረትህን ሸፍን፣ ድመቷን አታባርር። የተቀዳው ድምፅ ሁሉንም ይቀበላል። ይርጋ ማታ እቤቱ ሄዶ የተባለውን ይፈጽማል፤ ጠዋት ትንሽ ቀለል ብሎት ይመጣል። ሚስት ያለው ሰው ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ በሰው ሚስት ነገር ገብቼ የተቀመጥኩ እየመሰለኝ አፍር ነበር።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ፊልም ወደ ኋላ ሲመለስ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል። ረዳቱ ይመለሳል፣ አውቶቡሱ ይመለሳል፣ ካፊያው እንደገና ይጀምራል። ሐረገወይን ግን እንደረጠበች ነው የምትጀምረው። መጀመሪያ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር ውሃው፤ ኋላ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጣበቀ። በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ታሳርፋለች፤ ከዚያ ትቀይራለች። ግጥም ስትሰጥም ድምፅዋ ቀንሷል። ረዳቱ እንኳ መጮኹን ትቶ «በይ እንጂ እህቴ» ይላት ነበር፣ በቀስታ።

ድካምን አውቃለሁ። ለይርጋ ነገርኩት።

«ሴትዮዋ ደክሟታል።»

«አያለሁ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«እኔስ ጋሽ ምንተስኖት?»

ሐምሌ ነው፤ ውጭም ይዘንባል።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠዋት ሐረገወይን መሃል ደርሳ ሳይሆን ገና ከመናኸሪያው በር ላይ ቆመች። ማሲንቆው ብቻውን እስኪቀር ጠበቀች። ቀና ስትል ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«ተቀበል» አለች።

«እግሬ ቆሞ ደከመ፣ ዝናቡም መታኝ፣
ዘፈኑ ይብቃህና መኪናው ይውሰደኝ።»

የተቀዳው ድምፅ አልተቀበለም። ማሲንቆው ብቻ ይጫወታል። ጠበቅን። ዘፈኑ ማለቅ የነበረበት ቦታ አለፈ፤ ማሲንቆው አሁንም ይጫወታል። ሶስና ማቆሚያውን ተጫነች፤ አልቆመም። ግቢው መሃል ረዳቱ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፤ ሹፌሩም በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ሐረገወይን ዝናቡ ውስጥ ቆማ ወደ እኛ ታያለች። በዕድሜዬ ግጥም ተሰጥቶት ዝም ያለ አዝማሪ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አየሁ።

«ተቀበላት እንጂ» አልኩት ይርጋን።

«ከተቀበልኩ ትሄዳለች።»

«ካልተቀበልክ ደግሞ ቆማ ትቀራለች።»

ሶስና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የእንቁላል ትሪ በጥፍሯ ትፍቃለች። ይርጋ ተነሳ። ጋቢውን አውልቆ አጠፈና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። መቅጃ ክፍሉ ገብቶ ማይኩ ፊት ቆመ።

የመጀመሪያውን ስንኝ በደንብ አወጣው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ሊሰበር ሲል ሰማሁ። እኔም የሚደገፍበት ነገር ልስጠው ብዬ የእኔን ሙዚቃ ከሥሩ አስገባሁ፤ መጀመሪያ ቼሎውን፣ ቀጥሎ ቫዮሊኖቹን፣ ቀስ አድርጌ። ሕጌን ያፈረስኩት ራሴ ነኝ። ማሲንቆው ቼሎው ላይ ተቀመጠ፤ የይርጋም ድምፅ ሁለቱ ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ደረሰ። እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀድሞ ባውቅ ኖሮ ከሰው ጋር ያን ያህል ባልተጨቃጨቅሁ።

ሐረገወይን ግቢውን አቋረጠች። ረዳቱ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም ሄደ። በቀጠለው ትዕይንት እናትየዋ በሩን ከፈተች።

«ጋሼ» አለችኝ ሶስና ዓይኗን እየጠረገች፣ «አውቶቡሱ ውስጥ ጋቢ ለብሳለች። ከፊተኛው ትዕይንት ጋር አይገጥምም።»

ወንበሩን አየሁ። ምንም አልነበረበትም።

«ይለፍ» አልኳት።

ፊልሙ የተመረቀው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ይርጋ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሱፍ ለብሷል፣ ከስቷል፣ ግን ሳይበላ እንደማይተኛ ነግሮኛል። የመናኸሪያው ትዕይንት ሲደርስ እጁን እጄ ላይ አደረገ። ሐረገወይን ሳትቆም አቋርጣ ገባች። አንዳንድ ሰው አለቀሰ። የእኔ ሙዚቃ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ደረስን፤ እሷ በጋቢዋ ተጠቅልላ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፣ መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። ያቺ ቦታ ሙዚቃዬ ካረፈባቸው ሁሉ አብልጬ የምወዳት ናት።

ሐረገወይን ጣቷን መስታወቱ ላይ ታንኳኳ ነበር። በምቱ ነው የምታንኳኳው፤ በእኔ ምት። እሷ ስትቀረጽ ያ ሙዚቃ ገና አልተጻፈም ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ደስ አለኝ፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ቀና አለችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ድምፅም አልተቀዳም። የመጀመሪያዋን ቃል ግን መለየት አያቅትም።

«ይርጋ፣ ተቀበል እያለችህ ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

ይርጋ ዓይኗ የሚያርፍበትን አየ።

«እኔን አይደለም» አለኝ። «እርስዎን ነው።»

«ቀጥሎ ምን አለች?»

«አልሰማኋትም ጋሽ ምንተስኖት። ድምፅ የሌለውን የሚሰማው የተሰጠው ሰው ነው።»

ሙዚቃዬ የሚያልቅበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈም። ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት ነገር የለም። ቼሎው ግን ያችኑ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ ብቻውን መጫወቱን ቀጠለ። ሹፌሩ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወደ እኔ ተመለከተ፣ እጁንም አጣመረ። ተሳፋሪዎቹ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያም ከፊቴ የተቀመጡት ተመልካቾች፣ መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ ከእሱ ኋላ ያለው፣ እንድቀበል እየጠበቁ፣ ወንበራቸው ላይ ዞረው ያዩኝ ጀመር።