«አይ» ያልኩት መስመር

ዲስኩ አልሞተም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሳልናገረው ሰባት ወር ቆይቻለሁና።

ስሜ ባምላክ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሥራዬን አውቃለሁ። ችግሬም እሱ ነው፤ ማወቄን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣሉ አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮች ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ላለች አንዲት ደብር ተሰጥተው «አስነሣልን» ሲሉኝ፣ ሌላ ባለሙያ ቢሆን የተዘጋጀ ሊኑክስ ጭኖ በሁለት ቀን ይገላገል ነበር። እኔ ግን ከርነሉን ራሴ ካልገነባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ከርነል ማለት ከፕሮግራሙ ሁሉ በታች ሆኖ የኮምፒውተሩን ብረት የሚያዝዘው ክፍል ነው። ሲገነባ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር ይደቅንብሃል። ይህ ይግባ? አዎ፣ አይ፣ ወይም ሞጁል። ሞጁል ያልከው ለብቻው ተቀምጦ ሲፈለግ ብቻ ይጠራል።

የፋይል ሥርዓቶቹ ክፍል ላይ ስደርስ ሞቅ ብሎኝ ነበር። ዲስክ ሁሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አይጻፍም፤ ከርነሉም ያልተማረውን አጻጻፍ ማንበብ አይችልም። የሊኑክሱን አዎ አልኩ፤ የፍላሹን አዎ፤ የዊንዶውሱን አዎ። ከዚያ የአፕል መጣ። «አምባ ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ አፕል ማን ይዞ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁና አይ አልኩት። ሞጁል ብለው ኖሮ አንዲት ፎቶ የምትይዘውን ቦታ እንኳ አይወስድም ነበር። በማጥፋቴ ኮምፒውተሮቹ ቅንጣት አልፈጠኑም። ያጠፋሁት «አላስፈላጊውን ሁሉ አራግፌ ነው የሠራሁት» ብዬ ለመጎረር ነው።

የደብሩ መምህር የኔታ ወልደኢየሱስ ይባላሉ። አርባ ዓመት አቋቋም፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አስተምረዋል። ካቻምና የጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ወሰደባቸውና አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ለመስማት ወደ አፋቸው ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ከመታመማቸው በፊት ፀደንያ የምትባል አጥኚ ሦስት ሳምንት ደብሩ ተቀምጣ የዓመቱን ቀለም፣ በየበዓሉ የሚባለውን ዜማ በሙሉ፣ በድምፃቸው ቀድታ ነበር። የኔታ «ቃሌ ከደብሩ እንዳይወጣ» ብለው በግዝት ስላሰሯት ለራሷ ቅጂ አላስቀረችም። ሁሉንም በአንድ ዲስክ አድርጋ አስረክባ ሄደች። ኮምፒውተሮቹም የመጡት ለዚያ ዲስክ ሲባል ነው፤ ሃያ ሁለቱ ተማሪዎች የመምህራቸውን ድምፅ እየሰሙ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ።

ኮምፒውተሮቹ የተመረቁ ዕለት፣ የካቲት ላይ፣ ከወረዳው ቤተ ክህነት ሰዎች መጥተው ነበር። የሰበካው ሽማግሎችም ተደርድረዋል። እኔ ተነሥቼ «ከሥር ያለውን ሁሉ በእጄ ነው የገነባሁት» ብያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። የኔታ ዲስኩን ከጨርቅ ፈትተው ሰጡኝ። ሰካሁት። መብራቱ በራ። ሲሽከረከር መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ስክሪኑ ላይ ግን «ያልታወቀ የፋይል ሥርዓት» የሚል መጣ።

ወዲያው ገባኝ። ፀደንያ የምትሠራው በአፕል ነበር፤ ዲስኩም የተጻፈው እኔ አይ ባልኩት አጻጻፍ ነው። «አንድ ነገር ዘንግቻለሁ፤ ጎንደር ደርሼ ልመለስ» ብል ያበቃ ነበር። ግን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ጭብጨባው ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«ምነው ልጄ?» አሉ የኔታ።

«ዲስኩ ሞቷል» አልኩ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ከሽማግሎቹ አንዱ «ምንም መላ የለውም ወይ?» ሲሉኝ ደግሞ አላረፍኩም። «አያ፣ የሞተ ዲስክ እንደ ሞተ ሰው ነው» አልኳቸው። ይህን በምን አፌ እንዳልኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የኔታ ዲስኩን ከእጄ ተቀበሉና መልሰው ጠቀለሉት።

ሐሳቤ በሳምንቱ አዲስ ከርነል ሠርቼ ተመልሼ «አዳንኩት» ልል ነበር። አዎ፣ እሱንም ልመሰገንበት። ከርነሉን በአንድ ከሰዓት ሠራሁት። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ሥራ በዛብኝ፤ ሥራው ሲቀል ክረምት ገባ። ስልክ ግን አልተዘጋም ነበር። የየኔታን ቁጥር አውጥቼ መልሼ ያስቀመጥኩበትን ቀን ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። በቆየሁ ቁጥር «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ይከብደኝ ጀመር።

መስከረም አጋማሽ ላይ የየኔታ ልጅ እትዬ አማረች ሱቄ መጡ።

«ኮምፒውተሮቹን የሚገዛ ሰው ታውቅ እንደሁ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ምነው?»

«ማን ይስማባቸው ብለህ ነው! ተማሪው ተበትኖ ሦስት ቀረ። አባባ ናቸው ሂዱ ያሏቸው። ድምፅ የሌለው መምህር ጥላ ሥር ዕድሜያችሁን አትፍጁ አሏቸው።»

«ዲስኩስ?» አልኩ።

«ተቀበረ እንጂ። የዓመት ቀለም ያለበት ነገር ሜዳ ላይ ይጣላል? ጸሎት ተደርጎ፣ ያረጀ መጽሐፍ ከሚቀበርበት ከቤተ ልሔሙ ኋላ ተቀበረ። አንተው አይደለህ እንደ ሞተ ሰው ነው ያልክ! ሸጋ አርገን ነው የቀበርነው።»

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ክረምቱን በሙሉ፣ ዝናቡ በዚያ አፈር ላይ ሲወርድ፣ እኔ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ስልክ አውጥቼ እመልሳለሁ። እውነቱን እዚያው መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳቸውም። «አዲስ ዘዴ ተገኝቷል፣ ልሞክር» አልኩ። እኒያ ሴትዮ ይኸን ሰምተው እልል አሉ።

በማግስቱ በሚኒባስ አብረን ወጣን። የኔታ ከሰሙ በኋላ «ይቆፈር» አሉ። ሦስቱ ተማሪዎች አካፋውን አልሰጥ አሉኝ፤ «እርስዎ ባለሙያ ነዎት» ብለው። ጨርቁ ጭቃ ሆኖ ወጣ። የኔታ ቤት ገብተን ዲስኩን ጠራርጌ፣ ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ ወደሚያነበው ወደ ራሴ ላፕቶፕ ሰካሁት። መብራቱ አልበራም። ገመድ ቀየርኩ። ሽፋኑን ፈታሁ፤ ውስጡ ዝጓል። መዳፌን አስደግፌበት ቆየሁ፤ ምንም አይሽከረከርም።

የኔታ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አትዘን ልጄ። አንተማ ያኔውኑ ነግረኸን ነበር፤ በተስፋ ያደከምንህ እኛ ነን።» ወደ ተማሪዎቹም ዞረው «የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ አንዴ አይቶ ይለያል» አሉ።

ውሸቴ እውነት ሆኖልኝ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ማንም ሊያውቅብኝ አይችልም። ይህን እያሰብኩ ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ መክተቴን አልደብቅም። ዚፑንም ዘግቻለሁ። ያልቻልኩት ትከሻዬ ላይ ያለችውን እጅ ነው።

«የኔታ፣ ያኔ አልሞተም ነበር» አልኩ።

ከርነሉን፣ ዝርዝሩን፣ አይ ያልኩትን መስመር፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ፈጥኜ ፈጥኜ ነው የተናገርኩት፤ ግማሹ እንዳልገባቸው አውቃለሁ፤ የገባቸው ግን በቃቸው። እትዬ አማረች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሄደው።

«ያኔ ታውቅ ነበር?» አሉ የኔታ።

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ?»

«አፍሬ።»

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። «እዚህ ቤት አርባ ዓመት የተዋለው ስህተት ሲታረም ነው» አሉ በዚያ በሌለ ድምፃቸው። «የተሳሳተ አንድም ቀን አላባረርኩም። የስንቱን በድምፄ አቃናሁ። ያንተን አንዲቱን…»

ሳል ያዛቸው። ውኃ ቀረበላቸው፤ አንዴ ተጎነጩና ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ረጅም ነገር ነው የተናገሩት። ሲጨርሱ መልሴን እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም እንዳልሰማሁ መናገር አፍሬ፣ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።