ዜሮ ጥቅል አቡጀዲ

በ1981 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ፣ የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቅድ ክፍል የነበረው አንድ ለናቱ ቬንትሌተር ፊቱን ያዞረው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ ነበር። ሰውማ ሙቀቱን ለምዶታል። ቱሪያ ላቧን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ከማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ "ወደ ታይፒስትነቴ መልሱኝ" የሚል ማመልከቻ አለ። ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምራት ጋሽ ክፍሉ በሚቀጥለው ሳምንት ጡረታ ይወጣል፤ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ "ጎበዝ" ብሏት አያውቅም። እሷም ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ብላ ደምድማለች። ዛሬ ደግሞ ማሽኑ ራሱ መሰከረባት።

"አራት ሺህ ሜትር አቡጀዲ አስገብቼ ዜሮ ጥቅል ይለኛል። ና እየው፣ ጋሽ ክፍሉ።" የድሬ ሰዎች አንቱታ ብዙም አይሆንላቸውም።

ጋሽ ክፍሉ መነጽሩን አስተካክሎ አጎነበሰ። ፕሮግራሟ ሁለት ፋንክሽን፣ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፦ አንደኛው የቀኑን ሜትር ይደምራል፣ ሁለተኛው ሜትሩን በመቶ እያካፈለ ወደ ጥቅል ይቀይራል። በሁለቱም ውስጥ ቁጥሩን "ሜትር" ብላዋለች።

"ሁለተኛው ሜትሩን ከየት ያገኛል?"

"ከመጀመሪያው ነዋ። ስሙ አንድ አይደል?"

"እናንተ ግቢ ስንት የውሃ በርሜል አለ?"

"አንድ። መጋላ ሰፈር እኮ ነው፣ አምስት ቤት ከአንዱ ይቀዳል።"

"እዚህ ግን እያንዳንዱ ፋንክሽን የራሱን በርሜል ጓዳው ቆልፎበታል። ስማቸው ቢመሳሰልም፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ባዶውን ነው። አንቺ ካላቀበልሽው ቁጥሩ አይሻገርም።"

ቱሪያ የመጀመሪያው ውጤቱን እንዲመልስ፣ ሁለተኛው በቅንፍ እንዲቀበል አድርጋ ጻፈች። አርባ ጥቅል። ደስ አላት፤ የጋሽ ክፍሉን ፊት ብታየው ግን ያው ነው። ማመልከቻውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አንብቦ ደነገጠ። "ምን ሆነሻል አቦ? አንቺ እንደምትተኪኝ ለጓድ ሥራ አስኪያጁ ከነገርኩት ሦስት ወር አለፈው። ሚስቴ የኔነሽም ያንቺን ወሬ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል።"

"ለእኔስ?"

"አንቺማ ታውቂዋለሽ ብዬ…" ሳይጨርስ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ለካ እሱም አላቀበላትም።

"ቱሪያ፣ ልጄ" አለ፣ "ከእኔ ትበልጫለሽ።"



"ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት።