ሱፍ በእርጎ ዕቃ

በእትዬ ላቀች ቤት ክዳን አይነበብም። «ቫኒላ አይስክሬም» የሚለውን ባልዲ የከፈተ በርበሬ ያገኛል፤ «ቅቤ» የሚለውን የከፈተ ኮረሪማ። ከማጠቢያው ሥር ያለው ሳጥን ሲከፈት ባዶ የእርጎ ዕቃ እግር ላይ ይዘረገፋል። ለቤቱ አዲስ የሆነ ሰው አንድ ቀን አይስክሬም መስሎት በርበሬ በማንኪያ ከዛቀ በኋላ ይማራል።

ሐሴት በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥታ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር፣ አክስቷ እትዬ ላቀች አፓርታማ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ሰሞን እነዚያን ዕቃዎች ጠራርጋ ግቢው ውስጥ ያለው ሰማያዊ የሪሳይክል ገንዳ ውስጥ ጣለቻቸው። እትዬ ላቀች ወርደው ለቅመው አመጡ፤ በፈላ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ወደ ቦታቸው መለሱ። ሐሴት ደግማ ጣለች፤ እሳቸውም ደግመው አመጡ። ከዚያ በኋላ ሐሴት ተወችው። መሸነፍ ስለማትወድ ግን ለራሷ የነገረችው «ጊዜ የለኝም» ብላ ነው።

ጊዜ የላትም ማለቷ ውሸት አይደለም። የምትሠራው አንድ ትልቅ ካዚኖ ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ሺፍቷ በየሳምንቱ ይገለባበጣል። በቁማር የተበላ ሰው ክፍሌ ጠበበ ብሎ ሲጮህባት ፈገግ ማለት አለባት፤ ፈገግታው ከደመወዙ ጋር የተቆራኘ ነው። ከዚያ መውጣት ፈልጋለች። መውጫውም ተገኝቶ ነበር።

ቻይናታውን፣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንስሳ የመጣ ነገር የሌለበት ምግብ ብቻ የሚሸጥበት አንድ አዳራሽ አለ። ከሻጮቹ አንዱ ከተማ ለቆ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። የገበያው ኃላፊ ዳና የምትባል ሴት ናት፤ ሐሴት ስትደውልላት «ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሳይከፈት አራት ዓይነት ምግብ አምጪና ልቅመስ፤ ከወደድኩት ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ ካልወደድኩት ከኋላሽ የሚጠብቅ ሰው አለ» አለቻት። ሐሴት ነገሩ በዚህ ማጠሩ ደስ አላት። ምግቡንስ ማን ይሠራዋል ቢባል፣ እትዬ ላቀች ናቸዋ። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው ጡረታ እስኪወጡ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ፣ ጾም በመጣ ቁጥር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ የእጃቸውን የሚመኝ ሴት።

«ሥጋ አይበሉም?» አሉ እትዬ ላቀች አርብ ዕለት ሽንኩርት እየከተፉ።

«አይበሉም። ወተትም፣ እንቁላልም፣ ማርም።»

«ማር ደግሞ ምን አደረጋቸው?»

«የንቦቹ ነው ይላሉ።»

«የንቦቹማ ነው! የማን ሊሆን ኖሯል?» ትንሽ ከተፉና ቀና አሉ። «እስከ መቼ ነው የሚጾሙት?»

«ጾም አይደለም እትዬ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ናቸው።»

«ዓሣም?»

«ዓሣም።»

እትዬ ላቀች ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «መነኮሳት ናቸው በይኛ!»

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እትዬ ላቀች በፍልሰታ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እንኳ ከአፋቸው አይደርስም። ስለዚህ ሲሠሩ አይቀምሱም። የሚቀምሰው የሐሴት ምላስ ነው። ሐሴት አትጾምም፤ በዚህ ጉዳይ አንድ ሰሞን ተኮራርፈው ነበር፤ በኋላ ግን እትዬ ላቀች ጥቅም አገኙበት። «ነይ አንቺ ኃጢአተኛ፣ ጨዉን እይልኝ» ይሏታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ደረሰ፤ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራው ቢጫ ቡቲቻ፣ እና ሱፍ። ሱፉ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ፣ እንደ ወተት ነጥቶ ነበር፤ እንጀራው እዚያው እንዲፈተፈትበት ለብቻው ተጠቀለለ። ሐሴት ማሸጊያ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ወረደች። ገበያው አዲስ ፕላስቲክ ስለማይፈቅድ ከበቆሎ የተሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ፣ ብርጭቆ የሚመስል ዕቃ አዝዛ ነበር። ካርቶኑ ከመጣ ጀምሮ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የከረመው። በነሐሴ፣ በላስ ቬጋስ። ከፍታ ስታየው ሁሉም ተኮማትሮ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

ይዛው ወጣች። እትዬ ላቀች አንዱን አንስተው በብርሃን አዩት።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ቀልጦ።»

«ከምን ነው የሠሩት?»

«ከበቆሎ።»

«በቆሎ በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ይከርማል? ፈንዲሻ ባለመሆኑ አመስግኚ!»

ሐሴት አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች። እትዬ ላቀች ከማጠቢያው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈቱ።

«ፕላስቲክ አይፈቀድም እትዬ።»

«አዲስ ፕላስቲክ አይፈቀድም ነው ያልሽኝ። ይሄ አዲስ ነው?»

አዲስ አልነበረም። ምስሩ የቲማቲም ድልህ ጠርሙስ ውስጥ፣ ጎመኑ የወይራ ጠርሙስ ውስጥ ገባ። ጠርሙስ አለቀ። ቡቲቻውና ሱፉ ከፕላስቲኮቹ ክዳናቸው ጥብቅ የሚለው ተመርጦላቸው ገቡ። ሐሴት ዕቃውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ደርድራ፣ አክስቷን ጎን አስቀምጣ፣ ቢጫ መብራት ሁለት ጊዜ ጥሳ አዳራሹ ደጅ ፓርክ አደረገች።

ዳና ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰካች ሴት ናት። ጨበጠቻቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው፣ ማንኪያ አወጣች። ምስሩን ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳቀችና ደገመች። ጎመኑን ቀመሰች፤ «እም» አለች። ሐሴት በሐሳቧ ጠረጴዛውን አንጥፋ፣ ዕቃውን ደርድራ፣ ለካዚኖው አለቃዋ የምትናገረውን እያዘጋጀች ነበር።

ዳና ሦስተኛውን ከፈተች። ቢጫ ነገር አየች። ክዳኑን ገልብጣ አነበበች። መልሳ ከደነችው። አራተኛውን ከፈተች፤ ነጭ። የሱንም ክዳን አነበበች። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሱፍ አበባ ፍሬ ነው። ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ...»

«እርጎ ይላል።»

ሐሴት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑን አነበበች። የግሪክ እርጎ፤ ሙሉ ስብ። ሌላኛው ቅቤ፤ ጨው ያለበት።

«ዕቃው ብቻ ነው» አለች። «እኛ ቤት ዕቃ አይጣልም። ታጥቦ ነው።»

«ይገባኛል» አለች ዳና፤ ድምፅዋ ግን ርቆ ነበር። «ባለፈው ዓመት አንዱ ሻጭ ዳቦው ውስጥ ቅቤ እየጨመረ ሲሸጥ ነበር። ወተት የማይስማማት ደንበኛዬ ሆስፒታል ገባች። የቅቤ ዕቃ ከጠረጴዛው ሥር ሳገኝ እሱም ዕቃው ብቻ ነው ነበር ያለኝ።»

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ላቀች። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሴትዮዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

«እርጎ ነው ትላለች።»

«ምኑ?»

«ሱፉ።»

«በፍልሰታ?» እትዬ ላቀች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ፣ ላቀች፣ በፍልሰታ እርጎ?»

ዳና ቁጣቸውን አየች፤ ቁጣ ግን ማስረጃ አይሆንም። ንጹሕ ማንኪያ ወደ እትዬ ላቀች ገፋ አደረገች። «እሳቸውም በጾም የወተት ነገር እንደማይነኩ ነግረሽኛል፤ እንግዲያው መጀመሪያ እሳቸው ይቅመሱልኝ። ከቀመሱት አምናለሁ።»

ሐሴት ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ላቀች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅዳሴ አልወጣማ።

«እምቢ አሉ» አለች ዳና።

«ሰዓቱ አልደረሰም ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ እስኪያልቅ ምንም አይቀምሱም፤ ውሃም ቢሆን።»

«ሲሠሩም አልቀመሱትም?»

«አልቀመሱም። የቀመስኩት እኔ ነኝ። አሁንም እበላልሻለሁ።»

«አንቺማ ወተት ትጠጫለሽ፤ በስልክ ነግረሽኛል።»

ነግራታለች። ሐሴት ለምን እንደዚያ ያለ ነገር በስልክ እንደምትናገር ራሷንም ገረማት። ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ፤ አክስቷ ላይ፣ በቆሎው ላይ፣ ነሐሴ ላይ፣ ራሷ ላይ። መለመን ታውቅበታለች፣ በየቀኑ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያ ነው፤ እዚህ ግን አፏ እምቢ አለ።

«በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም» አለች።

ዳና ቀና አለች። ይህን አልጠበቀችም።

«ወጥ ቤት አላችሁ? መፍጫስ?»

«ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው፤ መፍጫ ጭማቂ የሚሸጡት ጋ አለ።»

«ገበያው እስኪከፈት ታገሺኝ። እዚሁ ፊትሽ እሠራዋለሁ።»

ዳና ትከሻዋን ነቀነቀች። እትዬ ላቀች ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «እኔ? ፍስክ አበላሽኝ ላለችኝ ሴት ደግሜ ሱፍ አልጠልልም። እሠራዋለሁ ያልሽው አንቺ፣ ሥሪው አንቺ።»

«ሠርቼ አላውቅም እኮ!»

«ትበዪው የለ?»

ሐሴት መንገዱን ተሻግራ ወደ ቻይናዎቹ ሱፐርማርኬት ሮጠች፤ አስፋልቱ በጫማዋ ሶል በኩል ይፋጃል። የሱፍ አበባ ፍሬ ብቻ የተደረደረበት መደርደሪያ አገኘች፤ በቅመም፣ በካራሜል፣ በሻይ፣ በኮኮናት። ምንም ያልነካውን ከታች ጥግ ላይ፣ የወፍ መኖ በመሰለ ከረጢት ውስጥ አገኘችው።

ተመልሳ ገና እየከፈተች «ጥሬውን ብንፈጨውስ? ጊዜ የለም» አለች።

ከወንበሩ ላይ ድምፅ መጣ። «ጥሬውን ከፈጨሽው ሣር ሣር ይላል። ቀቅይው።»

ቀቀለችው። ውሃው ጠቆረ። ልታወጣው ስትል «ገና ነው» ተባለች፤ ቆይታም ስትል «ገና»። ዳና ምድጃው አጠገብ ቆማ ታያለች። ፍሬው ሲለሰልስ አጥልላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዛ፣ መፍጫው ውስጥ ከተተችው። ሽክሽክ ብሎ ግራጫ ጭቃ ሆነ። ወንፊቱ ላይ ስታፈሰው ገለባው ደፈነው።

«በማንኪያ አሺው! አትጫኚው፣ አሺው! ውሃ ጨምሪ! ኧረ ይቺ ልጅ!» እትዬ ላቀች መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሡም።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ዳና።

«አትችዪም እያሉኝ ነው።»

«ወንፊቱን እኔ ልያዝልሽ?»

ዳና ያዘች፤ ሐሴት አሸች። ከጥቁሩ ገለባ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያም እንደ ክር ነጭ ወረደ። ዳና ጎንበስ ብላ አየችው። ነጩ ሳህኑን እየሞላ ሲሄድ ወንፊቱን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። ሁለተኛ ጠለሉት። ሐሴት ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከጎረቤት ጠረጴዛ ለምና ደቃቅ አድርጋ ከተፈችበት፤ እንጀራውን ቆራርሳ ጨመረች።

«ጨዉን ቅመሺ!» አሉ እትዬ ላቀች።

ማንኪያው በሐሴት እጅ አልነበረም። ዳና ቀድማ ነክራ ቀምሳለች። ቆም ብላ አሰበች።

«ትንሽ ጨው ይቀረዋል» አለች።

ይህን እትዬ ላቀች ሳይተረጎምላቸው ሰሙት። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ። ዳና ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ የእርጎውን ዕቃ ከፈተችና ከእሱም ቀመሰች። ያኛውም ይኸው ነበር፤ የተሻለ ብቻ። ከዚያ «ቅቤ» የሚለውን ከፈተች፤ ምንም ሳትጠይቅ ቡቲቻውን በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ደገመች። ከአፏ ጥግ ያለውን በጣቷ እየጠረገች «የሳቸው ይበልጣል፤ አትቀየሚኝ» አለች።

«አልቀየምም። እውነት ነው።»

«ጾማችሁ መቼ ነው የሚያበቃው?» አለች ዳና አሁን ወደ እትዬ ላቀች ዞራ፣ ለወሬ ያህል። «ያን ቀንስ ምን ትበላላችሁ?»

እትዬ ላቀች በአማርኛ ነበር የመለሱት፤ ስለ ምግብ ሲሆን እንግሊዝኛው አይበቃቸውም። «ዶሮ ነዋ! በንጥር ቅቤ ያበደ ዶሮ! እንቁላሉ ከላይ! በማግስቱ ክትፎ፣ አይቡ ከጎኑ...» እጃቸው ሁሉ ይናገራል። ዳና ፈገግ ብላ ትርጉሙን ትጠብቃለች።

ሐሴት ለመተርጎም አመነታች። «ትልቅ ድግስ አለን» ብትል ውሸት አይደለም። ጠረጴዛው በአፍንጫዋ ሥር ነው። ግን ጠዋቱን ሙሉ የለፋችው ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ስትናገር እንድትታመን አልነበረም እንዴ?

«ዶሮ» አለች። «በቅቤ። ከእንቁላል ጋር። በማግስቱ ደግሞ ጥሬ ሥጋና አይብ። እኔም እበላለሁ፤ እንዲያውም ጾሙ እስኪያበቃ አልጠብቅም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ከዚህ ሌላ ነገር አይቀርብም።»

ዳና ለጥቂት ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ እትዬ ላቀችን አየች፤ አሁንም እጃቸው አየር ላይ የማይታይ እንቁላል ይልጣል። ሳቋ መጣባት። አፏን በእጇ ጀርባ ይዛ ሳቀች። ሰዎች ደጁን መክፈት ጀምረው ስለነበር ቸኩላ ሁለት ሦስት ነገር ተናግራ፣ ሐሴትን ጨብጣ፣ ወደ ገበያተኛው ሄደች።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ላቀች። «አፈጠነችው፤ አልሰማኋትም።»

«የሚመጣው ቅዳሜ እንጀምራለን። ጠረጴዛው የኛ ነው። ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ተልጦ ይምጣ አለች።»

«ስለ ዶሮውስ?»

«ዶሮውን ለኔ እንዳታመጡብኝ አለች።»

እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። «ማን ሊሰጣት!»