ያልተማሰለው ማር

ትርንጎ ሐምራዊውን አምፖል አበራች። ቱቦው ውስጥ ያለው በውሃ የቀጠነ ማር ጨለማ ሆኖ ቀረ። ደስ አላት፤ ደስታዋን መደበቅም አላሰኛትም።

"አልበራም፣ ጋሽ ግዛቸው።"

"አልበራም ማለት?" አለ ማር ነጋዴው ተጠግቶ።

"ጠብ ያደረግኩበት ሞለኪውል ጤነኛ ማር ውስጥ አረንጓዴ ያበራል። አሲድ ሲበዛበት ይጠፋል። ማርዎ ኮምጥጧል።"

ግዛቸው ከቦንጋ እስከ ዋጫ በምላሱ የሚፈርድ ሰው ነው። አምና ገበያ መሀል የትርንጎን አባት ማር ከባልዲው አፍ በጣቱ ቀምሶ "ኮምጣጤ ነው" ብሎ ተፋው። አባቷ ሀብተ ማርያም "ውሃ የበዛበት ቀጭኑ ከላይ ተንሳፍፎ ነው የኮመጠጠው፣ ጌታዬ፤ አማስለው ይቅመሱት" እያለ ለመነ። የሰማው የለም። ከዚያ ወዲህ ገዢ ስለጠፋ ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀሉን ተወ። እዚህ ማር መመርመሪያ ክፍል የምትሠራው ልጁ ግን ያን ቀን አልረሳችም።

"ምላሴ አይሳሳትም" አለ ግዛቸው።

ከመሳቢያዋ ብልቃጥ አውጥታ ማንኪያ አቀበለችው። ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"ማር ማለት ይሄ ነው። የማን ነው?"

"የሀብተ ማርያም። ያን ቀን የተፉት ነው፤ ማታውኑ ቤት አማስለን ያስቀመጥነው።"

ከዚሁ ብልቃጥ ሌላ ቱቦ ውስጥ በውሃ አቅጥና፣ ሞለኪውሉን ጠብ አድርጋበት አምፖሉ ስር አቆመችው። አረንጓዴው ብርሃን የግዛቸውን ፊት አገኘው። ይዞት የመጣውን የማር ባልዲ ዞር ብሎ አየ።

"የኔም ከላይ ነው የተቀዳው" አለ ቀስ ብሎ። "አማስዪውና ድገሚው፣ ልጄ። ማሩን የሚጭነው መኪና ዛሬ ነው የሚነሳው፤ ያንቺን ምርመራ ያላለፈ አይጭንም።"

ትርንጎ ቀጭኑ ከላይ መንሳፈፉን እሱ ባልዲውን ሲከፍት አይታ ነበር። ሆን ብላ ነው ዝም ያለችው።

"እኔ አላማስልም። አባቴ ቤት አለ፤ ይዘውት ይምጡ። እሱ እዚህ መጥቶ ካማሰለልዎ እደግመዋለሁ። እሺ ካለዎት ነው።"

"በገበያው መሀል አልፌ፣ ሰው እያየኝ?"

"ሲተፉትም ሰው እያየ ነበር።"

ግዛቸው ኮፍያውን አነሳና ወጣ። በመስኮት ተከተለችው፤ ባጃጅ አላስቆመም፣ በእግሩ ወደ አባቷ ሰፈር ታጠፈ።

ትርንጎ መዝገቡን ገለጠች። እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ "አልበራም" ብላ በእርሳስ ጻፈች።