ቤቴን አፍርሱልኝ

ሂቦ ማዘጋጃ ቤት የሄደችው ልትጣላ ነው። ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ጉዳዩ አንድ ነው፤ ቤቴ አይፍረስብኝ። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ በልጆቹ ይምላል፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ መሬት ተቀምጣ መልስ ካላገኘሁ አልነሳም ብላለች። ተራዋ ሲደርስ ሂቦ ክርኗን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ፣

«ቤታችንን አፍርሱልን» አለች።

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«አፍርሱልን! መጋላ፣ ወንዙ ዳር። የሰው ሁሉ ፈርሶ የኛ ብቻ ቀረ። ምን በድለናችሁ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ እንኳ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። «አቦ ይቺን ልጅ አሳክሟት! ነይ እንቀያየር፤ ያንቺን ለኔ፣ የኔን ላንቺ!»

«ያንተን ምን ላድርገው? እሱ ማዘጋጃን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይወድቃል» አለችው።

ሳቁ ጨመረ። ሂቦም ሳቀች። እንዲህ ከሰው ጋር አፍ ለአፍ ከገጠመች ስንት ጊዜዋ! ከመስኮቱ ዞር ስትል ግን ሳቁ ትቷት ሄደ፤ ሰዉም ወደ የራሱ ልቅሶ ተመለሰ። ቀያሽ እንልካለን ብቻ ነው የተባለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቁ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ከተማው ዳር ዳሩን ግንብ ሊሠራ ተነሳ። ለግንቡ ሲባል ወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሰዉ ከከተማው ጫፍ ምትክ ቦታ ያገኛል ተባለ። ቀያሾች መጡና በየግድግዳው በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። በሂቦና በአክስቷ በናፊሳ ቤት ላይም ጻፉ።

ታዲያ አረፋ ደረሰ። መጋላ ውስጥ ለአረፋ ኖራ ያልተቀባ ቤት ማለት፣ ፊቱን ሳይታጠብ ለበዓል የወጣ ሰው ማለት ነው። ጎረቤቱ ግን ሊፈርስ ነው ብሎ ተወው። ሂቦ ልትተወው ነው? ኖራዋን በጠበጠች፣ ሰማያዊ ጠብ አደረገችበት፣ ግድግዳውን እንደ ሙሽራ አስዋበችው። ያ ቀይ ቁጥር ደግሞ ብጉር መስሎ ዓይኗን ወጋት። ደራርባ ቀባችበትና አጠፋችው። «አሁን ቤት መሰለ!» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

ከበዓሉ በኋላ የሚፈርሰውን ቤት የሚቆጥሩት ሰዎች ሲመጡ እሷና ናፊሳ ገጠር፣ ዋሂል፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ሰዎቹ ቀይ ቁጥር ያለበትን መዝግበው ነጩን አልፈው ሄዱ። መኪኖቹ መጥተው የጎረቤቱን ዕቃ ሲጭኑ ሂቦ እያጨበጨበች ትሸኝ ነበር። «የኛ ተራ ነገ ነው!» ትላለች። ነገ መጣ፤ መኪናው አልመጣም። የመጣው ዶዘር ነው፤ እሱም ዙሪያዋን አፍርሶ የሷን ቤት ብቻ መሀል ላይ ትቶት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ድሮ ገና በሩን ስትከፍት ጠብ ይጠብቃት ነበር። አንዷ ውሃ ደፋሽብኝ ትላታለች፣ አንዱ ምላሷን ሊያስቆርጥ ይዝታል፣ ሳቢሪን ደግሞ ከጓሮው አጥር ግንብ ማዶ ሆና ታሳብቅባታለች። ሳቢሪን የልብ ጓደኛዋ ናት። ሁለቱም ትምህርቱን አብረው ነው የተዉት፤ ግንብ ለግንብ ሆነው ሲሰዳደቡ ሰፈሩ ሥራ ፈቶ ያዳምጥ ነበር። አሁን የሳቢሪን ክፍል ጣራ የለውም። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። ፍየሎች እየገቡ ይተኙበታል።

ናፊሳ ደጃፉ ላይ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። ገዢው ጎረቤት ነበር፤ ጎረቤት ሲሄድ ሳምቡሳውም ቀረ። አሁን ጠዋት ጠዋት ትንሽ ጠብሳ ገበያ ትወስዳለች፤ ሂቦ ቤት ትጠብቃለች። ማን ይወስደዋል ብላ እንደምትጠብቀው እሷም አታውቅም።

ቀያሹ በሞተር ሲመጣ ቀትር ነበር። ግሩም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ተቀይሮ የመጣ፣ ድሬ ቀትር ላይ ሰው እንደማይንቀሳቀስ ገና ያልገባው ሰው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አንተ ነህ ቀያሹ? ምነው ዘገየህ?» አለችው ሂቦ።

«አንተ?» አለ፤ ፈገግም አለ። «እዚህ አገር ትልቅ ትንሽ የለም አይደል?»

«አለ። አንተ ትልቅ ነህ፣ እኔ ትንሽ ነኝ። በቃ። ውሃ ልስጥህ?»

ውሃውን ጠጣና ሜትሩን ዘረጋ፣ ካርታውን አየ፣ ደግሞ ለካ። ከዚያ ናፊሳን አስጠርቶ ሁለቱንም አስቀመጣቸው።

«የግንቡ መስመር ወደ ወንዙ ትንሽ ተጠግቷል» አላቸው። «ቤታችሁን አይነካም። ከፈለጋችሁ ትኖራላችሁ፣ ማንም አይነካችሁም። አይ ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩን መልሼ እጽፋለሁ፤ ምትክ ቦታ በእጣ ታገኛላችሁ። ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ፣ እስከዚያ አስቡበት። ዕድለኞች ናችሁ፤ እንዲህ የሚመርጥ ሰው የለም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ናፊሳ፤ እጇ ግድግዳውን ዳሰሰ። ወንድሟን፣ የሂቦን አባት፣ እዚህ ነው ያሳደገችው፤ የቀበረችውም ከዚሁ ቤት አውጥታ ነው። «እንኖራለን እንጂ! ምን ማሰብ ያስፈልጋል?»

ሂቦ ግን በማግስቱ ባጃጅ ይዛ ምትክ ቦታ ወደተሰጠበት አዲሱ ሰፈር ወጣች። ጎረቤቱን ሁሉ እንደነበረ ተደርድሮ የምታገኘው መስሏት ነበር። እጣ ግን ጎረቤት አያውቅም፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች በትኖታል። ሳቢሪንን ለማግኘት ስንት የቆርቆሮ በር አንኳኳች።

ሳቢሪን አቅፋት ጮኸች። ሻይ ጠጡ፣ ሳቁ፣ የድሮውን አነሱ። ከዚያ ሂቦ ጎረቤቶቿ እነማን እንደሆኑ ጠየቀቻት።

«እኔ እንጃ» አለች ሳቢሪን። «በዚህ በኩል ያሉት ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ የመጡ መሰለኝ። ሰላም እንባባላለን።»

«ሰላም ብቻ? ተሰዳድባችሁ አታውቁም?»

«ናያ ሂቦ፣ የማታውቂውን ሰው እንዴት ብለሽ ትሰድቢያለሽ?»

ሂቦ ስትወጣ መንገዱን አየችው፤ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ለዚህ ነው እንዴ ቤቴን አፍርሱልኝ ያልኩት? አለች በሆዷ። ቤት ስትደርስ አክስቷን አቅፋ፣

«ኤዶ፣ አንሄድም። አንቺ ልክ ነሽ» አለቻት።

ናፊሳ ደስ አላት። የዚያን ዕለት ሳምቡሳው ላይ ሥጋ ጨመረች።

ሐሙስ ጠዋት ናፊሳ ዘይት ረስታ ከገበያ ተመለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፅ ሰማች፤ ከጓሮ፣ የሳቢሪን ክፍል ከነበረበት በኩል። እንግዳ መጣልን ብላ ቀስ አለች።

«አንቺ ቀጫጫ! ውሃውን ማን ደፋው?» ይላል አንዱ ድምፅ።

«ራስሽ ደፍተሽ! ዓይንሽን ታጠቢ!» ይላል ሌላው፤ ቀጠን ያለ፣ ልክ እንደ ሳቢሪን።

«ወላሂ ለእናትሽ እነግራለሁ!»

«ንገሪ! እናቴ አንቺን ከሰው አትቆጥርሽም!»

ናፊሳ አንገቷን አውጥታ አየች። ሂቦ ብቻዋን ናት። በፈረሰው ግንብ በዚህ በኩል ቆማ ትሳደባለች፣ ድንጋዩን ተሻግራ በዚያ በኩል ሆና ትመልሳለች። ደግሞ ትሻገራለች። ሁለተኛው ድምፅ ሲበረታባት ሳቀች፤ ሳቋን ግን የሚቀበል ስላጣች ቶሎ ዋጠችው። ፍየሎቹ እያላመጡ ያዩዋታል።

ናፊሳ ዘይቱን ሳትይዝ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ግሩም በሞተሩ ሲመጣ እዚያው አገኛት።

«እሺ እማማ፣ ምን ወሰናችሁ?»

«ጻፍ» አለችው።

«ምን ልጻፍ?»

«ቁጥሩን ጻፍ። እንሄዳለን።»

ሂቦ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ኤዶ! አንሄድም አልተባባልንም? አንተ፣ እንዳትጽፍ! እዛ እኮ ማንም ማንንም አያውቅም! አየሁት እኮ!»

«አይተዋወቁም» አለች ናፊሳ። «ሰዎች ግን ናቸው። ዛሬ ዝም ያለሽ ሰው አንድ ቀን ይመልስልሻል። ድንጋይ ግን አይመልስም፤ ድንጋይን ወክለሽ አንቺው ስትመልሺ እየሰማሁ አልኖርም።»

የሂቦ ፊት በርበሬ መሰለ። ናፊሳ ተነስታ ገባች። ከውስጥ ሳህን ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ፣ መልሳ ስታነሳ ይሰማል። ኀዘኗን በዕቃ ነው የምትወጣው።

ግሩም ቀለሙን ከፍቶ ነጩ ግድግዳ ላይ ጻፈ። ቁጥሩ ትልቅ ወጣ፤ ቀለሙም እግሩ ላይ ትንሽ ወረደ።

«በይ፣ እንዳትቀቢበት» አላት እየሳቀ።

«ካላመንከኝ ቁጭ ብለህ ጠብቀው» አለችው ሂቦ። «እስኪደርቅ። ሻይ አፈላልሃለሁ። ሳምቡሳም አለ፣ ሥጋ ያለው። እጣውም እንዴት እንደሚወጣ ታስረዳኛለህ፤ አጠገባችን ማን እንደሚደርሰንም...»

«እሱን እኔም አላውቀውም» አለ ግሩም። ቀና ብሎ ፀሐይቱን አየ። «ሌላ ቀን። ገና ብዙ ቤት አለብኝ።»

«እሺ፣ ውሃስ?»

ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ አልሰማትም። አቧራው በፈረሱት ቤቶች መሀል እስኪጠፋ ድረስ ሂቦ ቆማ አየችው። ከዚያ ልትሰጠው ያለችውን የውሃ ጆግ ይዛ ወደ አክስቷ ገባች።