ካንሰር አይደለም የተባለ ጊዜ

እኅትማማቾች አይደሉም እንዴ፤ ትንሿን ደግሞ ማን ያተርፍልኛል?

ንጋቲና ይህን እያሰበች ሩዙን በሙዝ ቅጠል መጠቅለል አቅቷታል። ትልቋ ልጇ ረትኖ ከሞተች ሰባተኛ ቀኗ ነው። ማምሻውን ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሲነሱም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥቅል ይዘው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ከቀትር ጀምሮ ጓዳውን ሞልተውታል። ትንሿ ልጇ ላስሚ ጥግ ላይ ሆና የሟቿን ሕፃን ታጠባለች፤ የራሷ ልጅ እግሯ ሥር ትድሃለች።

ጎረቤቷ ሱማርኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ "ካንሰር ካልሆነ ታዲያ በምን ሞተች?" አለች።

"ስታወሪ ቅጠሉን ቀደድሽው። አፍሽ ይረፍ፣ እጅሽ ይሥራ" አለቻት አጠገቧ ያለችው ሴት።

ንጋቲና አንገቷን ደፋች። ረትኖ ከወለደች በኋላ እንቅልፍ ጠፍቶባት ብቻዋን ማውራት ጀምራ ነበር፤ የሚያረጋጋ ኪኒን ታዘዘላት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጡቷ ውስጥ እብጠት ወጣ። አራስ የምታሸው ሴትዮ፣ ረትኖ ለቅሶ ቤት ደርሳ ስትመለስ እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ወተት ሳታፈስ አጥብታ ነው፣ ወተቱ ረግቶባት ነው ብላ በሞቀ የኮኮናት ዘይት አሸቻት። እብጠቱ ባሰበት። ሐኪሞች ከጡቷ ቆርጠው መረመሩና ካንሰር አይደለም፣ የጡት ብግነት ነው አሉ። ንጋቲና ያን ዕለት ቢጫ ሩዝ ቀቅላ ሰፈሩን ለምስጋና ጠራች። ረትኖ ራሷ እየዞረች ስታስተናግድ፣ "እማ፣ ከዶሮው ለእኔም አስቀሪልኝ እንጂ፤ አልሞትኩም እኮ" ብላ አሳቀቻቸው።

ከዚያ ጡቷ እዚህም እዚያም ይፈነዳ ጀመር፤ አንዱ ቁስል ሲደርቅ ሌላው ይከፈታል። እብጠቱን የሚያበርደው መድኃኒት ፊቷን ነፋው፣ አቅሟን ሁሉ በላው። የሳንባ ምች ያገኛት ያኔ ነው፤ የገደላትም እሱ ነው።

ንጋቲና የረትኖን ሐኪም በሽታው ከምን እንደመጣ ለምና ጠይቃታለች። መውለድ፣ ማጥባት፣ ያ የሚያረጋጋው ኪኒን ወተት ስለሚያበዛ እሱም፣ ምናልባትም አንድ ዓይነት ጀርም አለቻት ሐኪሟ። ይህ ሁሉ ያላት ሴት ደህና ትኖራለች፤ አንዱም የሌላት ይነሳባታል። ካንዷ ወደ ሌላዋ ግን አይተላለፍም አለች። ለንጋቲና ይህ ምን ያደርግላታል? ላስሚም ወልዳለች። ላስሚም ታጠባለች፣ ያውም ለሁለት።

ላስሚ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችና እናቷ አጠገብ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ጋ ያመኛል።"

ወተቱ ረግቶብሽ ይሆናል ልትላት ነበር። ለረትኖም መጀመሪያ ያሏት ይህንኑ ነው።

ሱማርኒ፣ የቆርቆሮ ወተት አለ አይደል፣ ምን ያስጨንቃል አለች። ሕፃኑ የቆርቆሮውን ወተት ሁሉ እያስመለሰ በሁለት ቀን እንዴት እንደሟሸሸ ንጋቲና በዓይኗ አይታለች።

"ላጥባው ወይስ ልተወው?" አለች ላስሚ። "አንቺ ንገሪኝ።"

አጥቢው ብትል ልጇን፣ ተዪው ብትል የረትኖን ልጅ ልታጣ ነው። ንጋቲና የሙዝ ቅጠሉን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

ላስሚ ጠበቀች። ከዚያ ሕፃኑን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የራሷን ልጅ ከመሬት አንስታ በማዘያው ጨርቅ አዘለቻት፣ በተደረደሩት ጥቅሎች መካከል እየተራመደች በጓሮው በር ወጣች፤ ደህና ዋሉም አላለች።