የሰፈሩ ብጣሽ ሁሉ

ናዝሬት ጨርቆቼን ወይ ሰፍተሽ ጨርሺ ወይ ጣይ ያለችኝ የቢኒያም ሽማግሌዎች ሊመጡ ሰሞን ነው። ጓዳው ሞልቶ ማዳበሪያው ሳሎን ደርሷል፣ እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ አይጧ ከጨርቅሽ ውስጥ ወልዳ አሳድጋ ልጆቿን ዳረች፣ እኔ ግን ገና አላገባሁም ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ስትስቅ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ምን ሊመጣ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። አመሌ ነው።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከሽሮ ሜዳ ገባ ብሎ፣ እዚሁ ጉለሌ፣ በረንዳዬ ላይ የእግር መኪናዬን ዘርግቼ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ስሰፋ ነው ያረጀሁት። ሴቶቹ ጨርቅ ያመጣሉ፣ ለክቼ እቆርጣለሁ፣ የተረፈውን አጣጥፌ ስሰጣቸው “ምን ያደርግልኛል፣ ጣይው” ብለው ይሄዳሉ። እኔ ግን አልጣልኩትም። ሸማውን ለብቻ፣ ፖፕሊኑን ለብቻ፣ ከፋዩንና ሐሩን ደግሞ ብል እንዳይበላው ከናፍታሊን ጋር በትራስ ልብስ ቋጥሬ አስቀመጥኩት። ልጄ ሃና ናዝሬትን ወልዳ ጡት ሳታስጥላት ከሞተችብኝ ወዲያ፣ መጣል የሚባል ነገር እጄ እምቢ አለኝ። የማን ብጣሽ የቱ እንደሆነ ሳልጽፈው አውቀዋለሁ።

ለናዝሬት የሰርግ ስጦታ አንድ ሰፊ ብርድ ልብስ ልሰፋላት ቆረጥኩ። ጨርቁም ያልቃል፣ ልጅቷም አይበርዳትም። የምትገባበት ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ነው የሚገባው፣ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነው። ብጣሹን ሁሉ በመዳፍ ልክ ቆረጥኩ፣ ከስር አቡጀዲ ገበር አደረግኩ፣ መሐሉን ያረጀ ጋቢዬን አስገባሁ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የምርቃት ቀሚስ ገባ። የጎረቤቴ የጀዊሪያ፣ የባለሱቋ፣ የዒድ ቀሚስ ገባ። እምብርቱ ላይ አራት ቁራጭ ገጠምኩ፤ ሃና ናዝሬትን አርግዛ የለበሰችው አበባማ ሰፊ ቀሚስ፣ ናዝሬት መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባችበት ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ የራሴ ካኪ ሽርጥ፣ አራተኛው ደግሞ ቀይ ከፋይ። ከፋዩ የቢኒያም እናት የሠርካዲስ የመልስ ካባ ትርፍ ነው። እሷንም የሰፋኋት እኔ ነኝ። ሁለቱን ቤት በአንድ መርፌ ሰፋሁ ብዬ ለራሴ ኮራሁ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው እሺ ከተባሉ በኋላ ሠርካዲስ ቤታችንን ልትጠይቅ መጣች። ድሮ ልኬቷን ስወስድ እጅሽን ዘርጊ፣ ሆድሽን አታስገቢ እላት ነበር፤ አሁን ለልጄ ስል አንቱ ማለት ጀምሬያለሁ። ናዝሬት ለስላሳ ልታመጣ ስትወጣ እኔ ብርድ ልብሱን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት።

መጀመሪያ ወደደችው። እጅዎ አላረጀም አለችኝ። በጣቷ እየነካች ይቺ የማናት፣ ይቺስ ትለኛለች፣ እኔም እንደ ልጅ እየተፍነከነክኩ እነግራታለሁ። የዳቦ ቤቷን ስነግራት፣ ያኔ ይሄ ይበቃት ነበር፣ ዛሬ ድንኳን ነው የሚበቃት አለች። ሳቅን። ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት።

“መሐሉን ይዩት እስቲ” አልኳት። “የርስዎ የመልስ ካባ ነው።”

ጣቷን ከጨርቁ ላይ አነሳች። እሳት የነካች ነው የምትመስለው።

“ይሄን ሁሉ ዓመት እርስዎ ጋ ነበር?”

“አዎን። አንድ ቀን ለቁም ነገር ይውላል ብዬ።”

“ለምን ቁም ነገር?”

ጸጉሩን ቆርጦ ጥፍሩን ከርክሞ የሚቀብር ሰው አውቃለሁ፤ የለበሰው ልብስ ቅዳጅ ሰው እጅ ይገባል ብሎ የሚፈራም አውቃለሁ። በረንዳዬ ላይ ግን አንዳቸውም ፈርተው አያውቁም። ጣይው ብለውኝ ነው የሄዱት።

“ከጎኑ ያለችውስ አበባዋ?” አለች።

“የሃና ናት። የናዝሬት እናት፣ ነፍሷን ይማረውና።”

ሠርካዲስ ብርድ ልብሱን ከጉልበቷ ገፍታ ጣለችው። ድምጿን ግን አላነሳችም። እሷ ስትናደድ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ መርፌ እንደምታስገባ።

“እኔ ያንን ካባ ካወለቅኩ በኋላ ትዳር የሚባል ነገር አላየሁም፣ እማማ ሙሉእመቤት። ልጄን ታቅፌ የቀረሁት በምን እንደሆነ ለማወቅ ከጸበል ጸበል ስዞር ኖርኩ። ለካ እዚሁ ሰፈር፣ ከሟች ጨርቅ ጋር ተሰፍቼ ተቀምጫለሁ። አሁን ደግሞ ከልጄ አልጋ ላይ ሊያነጥፉኝ።”

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ጉልበቷን መሳም ነበረብኝ። ልጅ ያለው ሰው አፉን ይዘጋል፤ ለናዝሬት ስንቴ ነግሬያታለሁ። ግን በሃና መጣችብኝ።

“ባልሽን ያስኮበለለው የኔ ጨርቅ አይደለም” አልኳት። “ምላስሽ ነው። ሽሮ ሜዳ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ ነሽ ያላወቅሽው።”

ቀና ስል ናዝሬት የለስላሳውን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ወሬው እኔ ሳልወጣ ሰፈሩን ዞረ። አሮጊቷ የሴቱን ሁሉ ልብስ እየቀደደች ስትቋጥር ኖራለች ተባለ። ልጇ ሳትዳር የቀረችባት እኔን ነው ያለችው። ጽንስ የወረደባትም እኔን። ወገቧን የሚያማት ሴትዮ ሳትቀር የወገብ ሕመሟን ከቀሚሷ ወገብ ጋር አገናኘችው። ድሮም ሳትለካ አይኗ ልክሽን ያውቀው ነበር አሉ፤ እንደ ሙያ ያመሰገኑኝ ነገር ዞሮ ምስክር ሆነብኝ። ስወጣ ሰላምታዬን የሚመልሱት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው።

ናዝሬት አታናግረኝም። እራት አቅርባልኝ ትወጣለች። ሹራብ ሳትደርቢ የት ነው ስላት አልደርብም፣ ቅዳጁ እጅሽ እንዳይቀር ትለኛለች።

ልጄ እንድርያስ፣ የናዝሬት አጎት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ውሎ አንድ ማታ መጣ። ቁጭ ሳይል ነው የነገረኝ። ቢኒያም ልጅቷን አልተውም ብሏል፣ ሠርካዲስ ግን ግዴታ አስቀምጣለች። ብርድ ልብሱ ግቢው ውስጥ ይዘረጋ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየመጣች የየራሷን ቆርጣ ትውሰድ። ሙሽራዋ ከኔ ቤት ሳይሆን ከእንድርያስ ቤት ትውጣ። እኔ ከሰርጉ አልገኝ።

“ሰው ሲጠይቅስ?” አልኩት።

“አሟታል እንላለን።”

“እኔ ምንም አላመመኝም።”

“እንግዲህ ይመምሽ” አለኝ ልጄ።

ናዝሬት ከመኝታ ቤት ወጣች። “ጨርቁን ወይ እኔን” አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ እንድትጨምር ብዬ ጠብቄ ነበር።

በጥምቀት ማግስት ብርድ ልብሱን ግቢዬ ውስጥ ሰሌን ላይ ዘረጋሁት። ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት ያምር እንደነበር ማን ይመሰክርልኛል። ሴቶቹ ምላጭና መቀስ ይዘው መጡ። ልቅሶ የደረሱ ይመስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የገቡት፤ ትንሽ ቆይተው ግን ገበያ አደረጉት። ለካ የራሳቸውን አያውቁትም! ይሄን ሁሉ ዓመት አስማት ሠራችብኝ የሚሉበትን ጨርቅ አንዳቸውም ሊለዩት አልቻሉም። የኔ የቱ ነው እያሉ እኔኑ ይጠይቁኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ እያሳየሁ አስቆርጣለሁ።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አንዱን ሐር ይዛ ይሄ ነው የኔ አለች።

“ያንቺ ይሄ ፖፕሊኑ ነው” አልኳት። “ሐር ሰፍቼልሽ አላውቅም።”

“ሰማችኋት? እስከ ዛሬ አልረሳችም። ሰይጣን እንኳ ይረሳል።” ሴቶቹ ሳቁ። ሐሩንም ፖፕሊኑንም ቆርጣ ሄደች።

አንዷ ደግሞ መቀስሽን አዋሺኝ አለችኝ። አዋስኳት። ቆርጣ ስትጨርስ እጇን ታጥባ ወጣች፣ በኔው ውሃ።

ጀዊሪያ መጣችና በር ላይ ቆመች። ሌላው ሲቆርጥ አየች። “የኔ እዚያው ይሁን፣ እማማ። ጨርቅ ጨርቅ ነው” ብላኝ ወደ ሱቋ ተመለሰች። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው፤ አንድ ሰው አለኝ ብዬ። ቆይቶ ልጇ ጀና ምላጭ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። መሬት መሬት እያየች፣ ማለቴ... እናቴ ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው፣ ደንበኛ እንዳይሸሸን አለችኝ። እኔው ቆርጬ ሰጠኋት። ልጅት ምን አደረገች።

ሠርካዲስ ስትመጣ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ፌስታል ይዛለች። ጨርቁን በእጇ አልነካችውም፤ የፌስታሉን አፍ ከፍታ ያዘችልኝና እኔ ጎንበስ ብዬ ከፋዩን ቆርጬ ከተትኩላት። ፌስታሉን ቋጠረችው። እኔም ያኔ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። እግዜር ይማርዎ አለችኝ፣ ታሞ ለተኛ ሰው እንደሚባለው፣ ሴቶቹም ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙት።

ሁሉም ሲሄዱ ብርድ ልብሱ ወንፊት ሆነ። በቀዳዳው ጋቢው፣ ጋቢውና አቡጀዲው የተቀደዱበት ቦታ ደግሞ ሰሌኑ ይታያል። አጣጥፌ ልገባ ስል ናዝሬት ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ወጣች። እንድርያስ ዘንድ ልትሄድ ነው። ሻንጣውን አስቀመጠች።

“የኔንም ይስጡኝ” አለች።

ይስጡኝ። ጡት ሳትጥል በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ።

“ያንቺ እኮ ከናትሽ ጋር ነው የተሰፋው” አልኳት።

“ለዚህ ነው የምፈልገው። ቢኒያም እናቱ ፊት ማሳየት አለብሽ ብሎኛል።”

መቀስ አላነሳሁም። ቁጭ ብዬ ሰማያዊዋን በመርፌ እየፈታሁ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዝኩ አወጣኋት፤ በምላጭ ሲሆን ጠርዙ ይተረተራል። ከላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ስሰጣት እጇ በረዶ ነው። ሹራብ ደርቢ አልኳት። ቀጥዬም፣ ካሳየሻቸው በኋላ እዚህም እዚያም እንዳትጥዪው፣ ወይ አቃጥዪው ወይ ካንቺ ጋር ይሁን፣ ሰው እጅ እንዳይገባ አልኳት። ይሄን ያልኩት እኔው ነኝ። ሴቶቹን ስታዘብ ውዬ፣ የራሴ ልጅ ላይ ሲደርስ እኔም እንደነሱው ፈራሁ።

አየችኝ። “ዛሬም አትጣይ?” አለችና ሻንጣዋን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ፣ በሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ ቤት ተቀመጪ ተብያለሁ፤ ግን ጥሩምባው እስኪሰማ ብዬ በሬ ላይ ወጣሁ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ለብሰው፣ ተቀብተው መኪናዎቹን ይጠብቃሉ። የሠርካዲስ እህት ደግሞ ከፊት ለፊት፣ ጀዊሪያ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። እኔን እንድትጠብቅ እንዳስቀመጧት ገብቶኛል።

ከበሬ አጠገብ ካለው ቦይ ጠርዝ ላይ አየሁት። ሰማያዊ ነው፣ በመዳፍ ልክ። መርፌዬ የነበረበት ቀዳዳ እንኳ በጠርዙ ዙሪያ ይታያል። ለማንም አላሳየችውም። በሬን እንደወጣች ነው የጣለችው፤ እዚያው አድሯል።

ላነሳው ጎንበስ ማለት ጀመርኩ። የሠርካዲስ እህት ከወንበሯ ብድግ አለች። ቀና አልኩ። ባነሳው፣ በዚህ ሁሉ ሴት ፊት፣ ያውላችሁ በሰርጓ ቀን እንኳ ትለቅማለች ይባላል፤ ልጅቷ ከመኪናው ሳትወርድ ሰርጉ ይፈርሳል። ልተወው ብል ደግሞ ሴቶቹ ማየታቸው አይቀርም። ሲቆርጡ የናዝሬት ናት፣ አትንኳት ስላቸው ከኔ አፍ ሰምተዋል። አንዷ አንስታ ብትይዘውስ? የቀናችባት፣ የጠላቻት፣ ምን የማይኖር አለ። በሙሽራ ላይ የማይቀና ማን አለ።

አንድ እርምጃ ተራምጄ ረገጥኩት።

ጫማዬ ሸፈነው። ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። የሠርካዲስ እህት መልሳ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ እማማ ሕመሙ ተሻለዎት አለችኝ ከማዶ፣ ሳቁ። ተሻለኝ አልኳት። ወንበር የሚያወጣልኝ የለም፣ ግድግዳው ጋ እንዳልደገፍ እግሬ ይነሳል።

ጥሩምባው ከታች መጣ። መጀመሪያው መኪና፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ አበባ የለበሰው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በሬ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፤ እጄን ብዘረጋ መስኮቱን እነካው ነበር። ናዝሬት ነጭ ለብሳለች። ትከሻዋ ባዶ ነው፣ ምንም አልደረበችም፣ በዚህ ብርድ። አየችኝ። አትውጪ የተባለችው አሮጊት መንገዷ ላይ፣ ቦዩ አፍ ላይ ድርቅ ብላ ቆማ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ሠርካዲስ ጣቷን ከከፋዩ ላይ ስታነሳ የነበራት ፊት ነው። ለሾፌሩ የሆነ ነገር ተናገረች፣ መስኮቱ ተዘጋ።

መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሴቶቹ እልል እያሉ ተከተሉት። የሠርካዲስ እህት አልተከተለችም፣ ወንበሯ ላይ ናት።

እኔም እግሬን አላነሳሁም።